ኩሬው ላይ የተሳለው መናፈሻ

ሬሳው የተገኘው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ባለው የፍሳሽ ኩሬ ውስጥ ነው። በመንጠቆ ጎትተው ሲያወጡት የተነሳው ግማት የሬሳው አልነበረም፤ ሬሳው ገና ትኩስ ነው። ግማቱ የኩሬው ነው። ፋብሪካው ለዓመታት የጠረገው ጸጉር፣ ስብ፣ ኖራና ስሙን ማንም ደፍሮ የማይናገረው መድኃኒት እዚያ ተጠራቅሞ፣ ከላይ ግራጫ ቅርፊት አብጅቶ፣ ከሩቅ ለሚያየው የደረቀ ሜዳ መስሎ ተኝቷል።

ኢንስፔክተሯ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ጫነች።

“በአፍሽ ተንፍሺ” አላት ሳጅኑ። በዕድሜ ይበልጣታል፤ ለጡረታው ስድስት ወር ቀርቶታል።

“በአፍንጫዬ ስተነፍስ ይሸተኛል፣ በአፌ ስተነፍስ እቀምሰዋለሁ። የቱን ልምረጥ ጋሼ?”

“ጡረታን።”

ሟቹ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ከሽቦው አጥር ቀዳዳ ጀምሮ አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል፣ የእግሩ ዱካ በቅርፊቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዳር ዳሩ ላይ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ችሎታል፤ መሀል ሲደርስ ከድቶታል። ከዱካው ግራና ቀኝ የትግል ምልክት የለም።

“አልተጎተተም” አለች። “በገዛ እግሩ ነው የሄደው። እንደ መንገድ ቆጥሮት።”

ከአጥሩ ውጭ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ስልካቸውን ወደ ኩሬው ቀስረው ቆመዋል። ሬሳውን የሚቀርጹ መስሏት ልትቆጣቸው ሄደች። ለካ ሬሳውን አንዳቸውም አያዩትም! ጣታቸው ስክሪናቸው ላይ ይሯሯጣል። ሻንጣ ያነገበች አንዲት ሴት “ያዝኩት!” ብላ ዘለለች።

“ምኑን ነው የያዝሽው?”

“ዕንቁ ነዋ” አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

ጌም ነው። ጌሙ እውነተኛውን የከተማ ካርታ መነሻ አድርጎ ይሠራል፤ ተጫዋቹ ስልኩን ይዞ በእግሩ ይዞራል። ካርታው መናፈሻ ወይም የእግር መንገድ ባሳየበት ቦታ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ዕንቁ ይበቅላል። አሥር እርምጃ ድረስ የቀረበ ይይዘዋል። ብዙ የያዘ አንደኛ ይባላል። ሟቹም በተጫዋቾቹ ዘንድ “ቀዳሚ” ተብሎ ነበር የሚጠራው፤ ለሁለት ዓመት ያህል አንደኛነቱን ማንም አልነጠቀውም።

የኢንስፔክተሯ አለቃ የሆነው ኮማንደር ገና ከመኪናው ሳይወርድ ተጫዋቾቹ ከበቡት። የፋብሪካው ዘበኛ “አንዳችሁን እዚህ ውስጥ ባልጨምር!” እያለ ሲዝት መክረሙን ሃያ አፍ በአንድ ድምፅ መሰከረ። ሽማግሌው ዘበኛ እጁ በካቴና ታሰረ።

“እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ” አላት ኮማንደሩ፣ “ፋይሉ በሽማግሌው ስም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።”

*

“ዝተዋል አባባ?” አለች ኢንስፔክተሯ ዘበኛውን።

“ዝቻለሁ። ሺህ ጊዜ ዝቻለሁ። ‘ኧረ ልጆች ትሰምጣላችሁ’ ብዬ ለመንኩ፤ ሳቁብኝ። ‘ራሴ እጨምራችኋለሁ’ ስል ለአንድ ቀን ሸሹ። በልመና ያልራቀ ሰው በዛቻ ቢርቅ ብዬ ነው እንጂ፣ እኔ ማንን ልጥል እችላለሁ? ይህን ክንዴን እዪው።”

ክንዱ የደረቀ እንጨት ይመስላል።

“ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት የት ነበሩ?”

“ፋብሪካው በር ላይ” አለ፣ ወለሉን እያየ።

“አባባ፣ ውሸት አያምርብዎትም።”

ሽማግሌው የመለሰው ሌላ ነገር ነው። “ባለቤቴ ዓይኗ አያይም። ምሳም ሳትቀምስ ነው የዋለችው። በሩን የከፈተላት ሰው ይኖር ይሆን?”

ኢንስፔክተሯ ሳጅኑን ወደ ሽማግሌው ቤት ላከችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ግንባሩን እያሸ ተመለሰ።

“አሮጊቷን ጎረቤት ዳቦ ሰጥቷታል። ጎረቤቱ የሚለውን ግን ስሚ። ሰውዬው በየጠዋቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እቤቱ ነው። ያጥባታል፣ ያበላታል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል። ዛሬም እንደዚያው።”

“ለምን አልነገሩኝም?” ብላ ሽማግሌውን ጠየቀችው።

“በር ጥሎ ሄደ ከተባልኩ እባረራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ በር ማን ይሰጠኛል?”

ኮማንደሩ አልተቀበለውም። “ጎረቤት ለጎረቤት መች ይጨክናል?” አለ። የዘበኛውን መዝገብ ብታሳየውም ቀና ብሎ አላየውም። መዝገቡ ላይ በተንቀጠቀጠ እጅ ሦስት ጊዜ “የኩሬው አጥር ተቀዷል፣ ሰው ሊሞት ነው” ተብሎ ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ሥር የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አንዲት ቃል አስፍሮ ፈርሟል፦ “ታይቷል።”

ኢንስፔክተሯ ያችን ቃል ሦስቴ አንብባ መዝገቡን ስትዘጋ፣ እጇ የቆሸሸ መሰላት።

*

የሟቹ ታላቅ እህት ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ፖሊሶቹ ሲገቡ የስፌት መኪናዋን መርገጥ አላቆመችም፤ ብታቆም የምትወድቅ ትመስላለች። መርፌው ክር ሳይኖረው ጨርቁን ይወጋል።

“ጎረቤቶቼ ራሱን አጠፋ ይላሉ” አለች። “ወንድሜ ጫማውን በጥርስ ብሩሽ የሚያጸዳ ልጅ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ ላለመርገጥ ሥራ ይቀራል። እሱ ነው ያን ግማት ዐይቶ የሚገባበት? ሰው ሲያምረው በንጹሕ ውሃ ይሞታል እኮ!”

“አብሮት የሚሄድ ማን ነበር እህቴ?”

“ጥላ ነዋ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ከኋላው ስለማይለይ። ስልክ ጠጋኝ ነው። ትናንት ማታ እዚህ ነበር፤ በአንድ ሳህን አብልቻቸው ነው የተለያየነው። ዛሬ ገና ወሬው ሲሰማ ቀድሞኝ እሪ ያለው እሱ ነው።”

ጥላ የሚሠራው በእናቱ ግቢ አጥር ላይ በተከፈተች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ሆዳቸው በተከፈተ ስልኮች ተሞልቷል። ዓይኑ ቀልቷል።

“ትኩሳት ይዞኝ ነበር” አለ። “እስከ ሦስት ሰዓት ከአልጋ አልወረድኩም። ብነሳ ኖሮ አብሬው እሄድ ነበር። ብሄድ ኖሮ…” አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። “ያ ዘበኛ ነው። ዝቶ ነበር። እንደ ወንድሜ የማየውን ሰው በላው!”

እናቱ ግቢው ውስጥ፣ ከአንዲት ዛፍ ሥር ወንበር አቅርባ ለኢንስፔክተሯ ሻይ ቀዳች። “ልጄ ከብርድ ልብሱ አልወጣም” አለች። “ዋሽቼ እንደሆን ዓይኔን ያጥፋው።”

መሐላዋ ከልብ ነበር። ኢንስፔክተሯ ሻይዋን ጨርሳ ወጣች።

*

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከአጥሩ ጋ የቆሙት ተጫዋቾች ሠላሳ ሆነው ነበር። ኢንስፔክተሯ ሻንጣ ያነገበችውን ሴት ለየቻት።

“ስልክሽን እስቲ አሳዪኝ። ምንድን ነው የሚታይሽ?”

ሴትዮዋ እየተቅለሰለሰች አሳየቻት። ስክሪኑ ላይ ኩሬ የሚባል ነገር የለም። በኩሬው ፋንታ አረንጓዴ መናፈሻ ተዘርግቷል፤ መሀል ለመሀል አንዲት ነጭ የእግር መንገድ ታልፋለች። ከአጥሩ ቀዳዳ ትነሳና ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ልክ የሟቹ ዱካ በሄደበት።

“በሬ ሆይ፣ ሳሩን ዐይተህ ገደሉን ሳታይ” አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

“እናንተ ታዲያ ለምን አትገቡም?” አለች ኢንስፔክተሯ።

“እኛማ ይቀፈናል” አለች ሴትዮዋ። “ዳር ዳር ያሉትን ትንንሾቹን ነው የምንይዘው። መሀል ላይ በወር አንዴ ጎሕ ሲቀድ ትልቁ ይወጣል፤ እሱን ለመያዝ መግባት ያስፈልጋል። ማን ደፍሮ?”

“ይህ መናፈሻ ድሮም ካርታው ላይ ነበር?”

“ኧረ ወር ቢሞላው ነው።”

መናፈሻው የጠቀመው ሰው በቅርብ አለ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ካፌ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ኩሬው አዙሮ፣ ግድግዳው ላይ “ዕንቁ እዚህ አለ” ብሎ ጽፏል። ባለ ካፌው ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው።

“እትዬ፣ እኔ ምን አደረግኩ? ሰው መጣ፣ ሻይ አፈላሁ።”

“ካርታው ላይ መናፈሻ የሳልከው አንተ ነህ ይላሉ።”

“እኔ? ካርታ?” ባለ ካፌው ከኪሱ ስልኩን መዘዘ። ቁልፎቹ የተፋቁ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ አሮጌ ስልክ ነው። “በዚህ ስልክ ሚስቴ ስትደውል እንኳ ሁለቴ ካልመታሁት አያነሳም። ትናንት ከንጋት ጀምሮ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ነበር፤ ሰልፉን ጠይቁ፤ ተሳድቤያቸዋለሁና አይረሱኝም።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ለነገሩ ልጁ ከሞተ ወዲህ ደንበኛ እጥፍ ሆኗል። ነፍስ ይማር።”

ሳጅኑ ዳቦ ቤቱን ጠይቆ መጣ፤ ሰውዬው እውነቱን ነው፤ ስድቡን ሳይቀር በቃላቸው ይዘውለታል። ሰዓቱ አራት ሆነ።

*

የከተማው ማዘጋጃ ቤት ካርታ ሠሪ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ ጥቅል ወረቀት ዙሪያውን የከበበው ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ ሳይቀመጥ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

“ጌሙ የሚጠቀምበት ካርታ የሕዝብ ካርታ ነው” አላት። “እንደ ቦኖ ውሃ ነው። ማንም ይቀዳል፣ ማንም ያቆሽሸዋል። የሰፈሩ ሰው የሳተላይት ፎቶ እያየ ቤቱንም መንገዱንም ይስላል። ተጫዋቾች ዕንቁ ደጃቸው እንዲበቅል የሌለ መናፈሻ ሲስሉ በየሳምንቱ እያጠፋሁ ነው የምኖረው።” ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለ። “እዚህ ግን መናፈሻ የለም። ኩሬ ብቻ ነው።”

“ስልካቸው ላይ አለ እኮ! አሁን ዐይቼው መጣሁ።”

“ጌሙ ከሕዝቡ ካርታ በወር አንዴ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ እዚህ የጠፋ ነገር እዚያ ይቆያል። ቆይ፣ ታሪኩን ልክፈተው። ይህ ካርታ የተጻፈበትን አይረሳም፤ ማን ሳለ፣ ማን አጠፋ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉንም ይይዛል።” ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። “ይኸው። መናፈሻውንም መንገዱንም የሳለው አንድ አካውንት ነው፤ ከአርባ ቀን በፊት። ያጠፋውም ያው ነው። ትናንት። ከጠዋቱ ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ።”

ኢንስፔክተሯ ወንበሩን ይዛ ቆመች።

“ሬሳው የተገኘው ሁለት ሰዓት ላይ ነው” አለች። “አንድም ሰው ሳያውቅ፣ ይህ ሰው ግን ማጥፋት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ማን ነው?”

“ስሙ ቁጥር ብቻ ነው። ባለቤቱን ካርታው አይነግርሽም። ካርታውን የሚያስተዳድሩትን በደብዳቤ ብትጠይቂ ሁለት ወር ይፈጃል።”

“እኔ ያለኝ ሁለት ሰዓት አይሞላም።”

ካርታ ሠሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። “እንግዲያው የእኛን የካርታ ሠሪዎችን አመል ልንገርሽ። ማንም ሰው ካርታ መሳል ሲጀምር ከሁሉ በፊት የሚስለው የገዛ ቤቱን ነው። እኔም እንደዚያው ነው የጀመርኩት፤ ሌላ ዓይነት ሰው አላየሁም። እጁን ያሟሻል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ስሙን የሚደብቅ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሥዕሉን መደበቅ ትዝ አይለውም።”

ወደ ኋላ ወደ ኋላ ተጓዘ፤ ሦስት ዓመት። የመጀመሪያው ሥዕል ወጣ። አንድ ቤት፣ አጥሩ ላይ የተለጠፈች ጠባብ ሱቅ፣ ከኋላ መጸዳጃ፣ ግቢው ውስጥ አንዲት ዛፍ። ሳያፍር ሁሉንም ስሏል።

ኢንስፔክተሯ ትናንት ሻይ የጠጣችው በዚያ ግቢ፣ ከዛፍ ሥር ነበር።

*

“እማማ” አለች፣ ግቢው ገብታ ከእናትየው ፊት ቆማ። “ትናንት ጠዋት ልጅዎን በዓይንዎ አይተውታል?”

“አየሁት እንጂ! ብርድ ልብሱ ጉብ ብሎ…” እናትየው መሀል ላይ አቆመች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። “ብርድ ልብሱን አይቻለሁ” አለች፣ ድምፅዋ አልቆ።

ጥላ ሱቁ ውስጥ የስልክ መፍቻ ይዞ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ የታተመውን ካርታ የተከፈቱት ስልኮች ላይ ዘረጋችው። ስለ ሞት አንዲት ቃል አልተናገረችም።

“ይህን የሳለው ሰው ጀማሪ ነው መሰለኝ” አለች። “ዛፏን ተሳስቷል። ያለችው ከመጸዳጃው በስተግራ ነው፤ እሱ በስተቀኝ አድርጓታል።”

“አልተሳሳትኩም!” አለ ጥላ። “ያኔ የቀኟ ነበረች። እሷ ተቆርጣ ነው የግራዋ…”

አፉ ተከፍቶ ቀረ። ሳጅኑ በሩን ሞልቶ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ እንደ ተቀደደ ከረጢት ነበር። ሊገድለው አላሰበም። ልብሱ እስኪጨማለቅ፣ እስከ ወገቡ ብቻ እንዲገባ ነበር ያሰበው። ያ ጫማውን በብሩሽ የሚያሽሞነሙን ልጅ በዚያ ግማት ሲንቦጫረቅ ቀርጾ ለተጫዋቹ ሁሉ ሊበትን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ መሆን፣ ሁለት ዓመት “ጥላ” መባል አንገሽግሾታል። መናፈሻውን ሣለ፣ መንገዱን ሣለ፣ ወሩ እስኪሞላ ጠበቀ። “ትናንት ራሴ ሄጄበታለሁ፣ ደረቅ ነው” አለው። ቀዳሚ አመነው።

“ከዚያስ?” አለች ኢንስፔክተሯ።

“ሰመጠ። ጠራኝ።”

“ስንት ጊዜ?”

“…አልቆጠርኩም። ገመድ አልነበረኝም።”

“የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ገመድ ተሰቅሏል። ከቀዳዳው ስድስት እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።”

ጥላ መፍቻውን አገላበጠ።

“ዕንቁውስ?” አለች፤ ለምን እንደጠየቀች ራሷም አላወቀችም። ምናልባት የለም እንዲላት ፈልጋ ነው።

“ሁለት እርምጃ ገብቼ…” አለ። “እሱ ከሄደ በኋላ ነው እንጂ በሕይወቱ እያለ አይደለም! ዝም ብሎ ከሚባክን ብዬ ነው። በወር አንዴ ነው የሚወጣው።” ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሲያለቅስ በቆየ በዚያ ቀይ ዓይኑ ዐያት። “አንደኛነቴን ይሰርዙታል?”

ኢንስፔክተሯ በፍጥነት ወጥታ፣ ግቢው ውስጥ ከቧንቧው ጎን ጎንበስ ብላ አስመለሰች። አፏን ታጥባ ቀና ስትል እናትየው ከፊቷ ቆማለች፤ በሁለት እጇ ፎጣ ይዛለች። ኢንስፔክተሯ ፎጣውን ልትቀበላት አልቻለችም። ላለመቀበልም አልቻለችም። ተቀበለቻት።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

*

ለልብስ ሰፊዋ የነገረቻት ቆማ ነው። “ራሱን አላጠፋም” አለቻት። የስፌት መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። “ማን ነው?” ስትላት ነገረቻት። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሳህን አንሥታ፣ ወደ ደጅ ወጥታ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው። ተመልሳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

ዘበኛውን ኢንስፔክተሯ በራሷ መኪና ወሰደችው። መንገዱን ሙሉ ካቴናው የነበረበትን የእጁን አንጓ ያሻል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ንጹሕ ነው፤ ሁሉ ነገር እጅ በሚያገኘው ቦታ ተቀምጧል።

“ማን ነው?” አለች አሮጊቷ ከአልጋው ጠርዝ ላይ።

“እኔ ነኝ።”

“እጅህን አምጣ።” እጁን ዳበሰች፣ ክንዱን ዳበሰች፣ ፊቱን ዳበሰች። “ከስተሃል። ሌላው ሰው ማን ነው?”

“ያወጣችኝ ናት። ፖሊስ ናት።”

“ተቀመጪ ልጄ። ማን ገደለው ያን ልጅ?”

“ጓደኛው” አለች ኢንስፔክተሯ።

“ምን አድርጎት?”

ሽማግሌው ምድጃውን ሊለኩስ ጎንበስ ብሎ፣ እሱም ጆሮውን ሰጥቷል። ኢንስፔክተሯ “ምንም” ልትል ነበር፤ አሮጊቷ ግን እየጠበቀቻት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመረች። ስለ ስልኩ ነገረቻት፣ ስለ ካርታው፣ ስለሌለው መናፈሻና ስለሌለው መንገድ፣ በወር አንዴ ስለሚወጣው ትልቅ ዕንቁ። ባወራች ቁጥር ነገሩ በገዛ አፏ ውስጥ ይበልጥ ይመርራት ነበር። አሮጊቷ ሳታቋርጥ ሰማቻት።

“ያ ዕንቁ” አለች በመጨረሻ፣ “አሁን የት ነው? እናንተ ወሰዳችሁት?”

“የለም እማማ። በእጅ አይያዝም። ስልክ ውስጥ የሚታይ ነገር ነው።”

“አይዳሰስም?”

“አይዳሰስም።”

“አይበላም? አይለበስም?”

“ምንም አይሆንም።”

አሮጊቷ ባዶ ዓይኖቿን ወደ በሩ ብርሃን አዞረች።

“እንግዲያማ እኔም ከእነሱ እኩል ነው የማየው” አለች። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ፣ ንጹሑ ወለሏ ላይ ቱፍ አለችበት። ባሏ ጨርቅ ሊያነሳ ሲል እጁን ያዘችው።

“ተወው” አለች። “ይድረቅ።”